ማስታመም በግሸን መንገድና በየቤታችን

መስከረም 21 ቀን በየዓመቱ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም በዓል በግሸን ደብረ ከርቤ ሲከበር፥ ወደዚያች በአምባሰል ምድር ወደምትገኝ፥ በተፈጥሮዋ የመስቀል ቅርጽ ወዳላት አምባ የሚወጣው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ግማደ መስቀሉን እንዳኖሩባት አባቶቻችን አስተምረውናልና፥ ምእመናን ከወሎም፥ ከሸዋም፥ ከጎንደርም፥ ከጎጃምም ይጓዛሉ። በዚህ ሕዝብ መካከል ሕሙማን አሉ። አንዱ በወሳንሳ ይወጣል፤ ሌላዋ በበቅሎ ትጫናለች፤ ሌላውም የልጁን ትከሻ ተደግፎ ዳገቱን ይያያዘዋል። ልብ ብለን ያየን እንደ ሆነ ግን ከእያንዳንዱ ሕመምተኛ አጠገብ አንድ ሰው አለ፤ ውሃ የያዘ፥ ነጠላ የሚያለብስ፥ ላብ የሚጠርግ። አማርኛችን ይህን ሰው «አስታማሚ» ይለዋል።

ስለ ሕመምተኛው ብዙ ይነገራል፤ ስለ አስታማሚው ግን የሚናገር ጥቂት ነው። ፍቅር ያለው ሰው ኹሉ ማስታመም ያውቃል ብለን እናስባለንና። እኛም እንዲሁ እናስብ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናታችን ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ በቤት ተኙ። እኛ ከአልጋቸው ሥር አልተለየንም፤ ጧትና ማታ ዳዊት እንደግምላቸው፥ አጥሚቱን በእጃችን እናጠጣቸው ነበር። ሕመም እንዳይሰማቸው ብለንም ከተኙበት አናንቀሳቅሳቸውም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ከቤቱ መጥፎ ሽታ ተሰማ። ልትጠይቃቸው የመጣች አንዲት ነርስ ልብሱን ገልጣ ስታይ፥ ከወገባቸው በታች አጥንቱ ቆዳውን በሚጫንበት ሥፍራ ጥልቅ ቍስል ተገኘ። ነርሲቱም አልተቈጣችንም፤ ዝቅ ባለ ድምፅ፥ «የኔታ፥ እናትዎን በቀን ስንት ጊዜ ያገላብጧቸዋል?» ብላ ጠየቀችን እንጂ። መልስ አልነበረንም። ዳዊት ደግመንላቸዋል፤ ጀርባቸውን ግን አላየንም ነበር። ቍስሉ እስኪድን ድረስ ብዙ ወራት ፈጀ። ይህን የምንጽፈው ሌላው ቤተሰብ ያንን ጥያቄ አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ ዘንድ ነው።

ሕሙማንን በሥርዐት መጠበቅ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ ነገር አይደለም። በአራተኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ባስልዮስ በቂሳርያ አጠገብ ድኾችና ሕሙማን የሚጠበቁበትን ታላቅ ቤት አሠርቶ ነበር። በኋላ ዘመን ደግሞ ፍሎረንስ ናይቲንጌል የተባለች እንግሊዛዊት በ1854 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በክሪምያ ጦርነት ጊዜ ቍስለኞችን ልትረዳ ሄዳ፥ ከቍስሉ ይልቅ በበሽታ የሚሞተው ወታደር የበዛ መኾኑን አየች። እርሷም በ1859 ባሳተመችው መጽሐፍ ንጹሕ አየር፥ ብርሃን፥ ንጹሕ ውሃ፥ ጸጥታና የተስማማ ምግብ የአስታማሚ ሥራ መሠረት መኾናቸውን አስተማረች፤ በ1860ም የነርሶች ትምህርት ቤቷ በለንደን ተከፈተ።

ከእርሷ በኋላ የተነሣችው አሜሪካዊት ቨርጂንያ ሄንደርሰን፥ የነርስ ሥራ ሕመምተኛው ኀይል፥ ፈቃድና ዕውቀት ቢኖረው ኖሮ ለራሱ ያደርገው የነበረውን ኹሉ ለእርሱ ማድረግ፥ በቶሎም ራሱን ወደ መቻል እንዲመለስ መርዳት ነው ስትል ገልጣለች። የሰውንም መሠረታዊ ፍላጎቶች 14 አድርጋ ቈጥራለች፤ መተንፈስ፥ መብላትና መጠጣት፥ መጸዳዳት፥ መንቀሳቀስ፥ መተኛት፥ ንጽሕና፥ የመሳሰሉት ናቸው። እንደ እምነቱ አምላኩን ማምለክም ከ14ቱ አንዱ ነው። እንግዲህ ዳዊቱ ስሕተት አልነበረም፤ ስሕተታችን አንዱን ይዘን ሌላውን መተዋችን ነበር።

በአገራችንም ልዕልት ፀሐይ ኀይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደን በሕፃናት ሆስፒታል የነርስነትን ትምህርት ተምረዋል። የንጉሥ ልጅ ሲሆኑ የሕመምተኛን አልጋ ማንጠፍን አልናቁም። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ዐረፉ፤ በአዲስ አበባም በስማቸው የመታሰቢያ ሆስፒታል ተሠራ። በ1949 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት፥ በ1954ም የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈቱ። ሕዝባችን ነርሲቱን «ሲስተር» እያለ ይጠራል፤ ትርጓሜው እኅት ማለት ነው።

ነርሶች በትምህርት ቤት የሚማሩት የሥራ አካሄድ አምስት ደረጃ አለው፤ መመልከትና መጠየቅ፥ ችግሩን ለይቶ መሰየም፥ ማቀድ፥ መፈጸም፥ ተመልሶ መገምገም። ይህ ለምእመናን እንግዳ እንዳይመስል፥ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተነገረውን ደግ ሳምራዊ እናስታውስ። ካህኑና ሌዋዊውም የቈሰለውን ሰው አይተውት ነበር፤ ሳምራዊው ግን ቀረብ ብሎ አየ፤ የሚያስፈልገውን ለየ፤ ዘይትና ወይን አፍስሶ ቍስሉን አሰረ፤ በገዛ አህያው ጭኖ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፤ ለነገውም አስቦ ለጠባቂው ሁለት ዲናር ሰጠ፤ ተመልሶ እንደሚመጣም ተናገረ። ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ይህን የመጨረሻውን ነው። አንድ ጊዜ ረድተን እንሄዳለን እንጂ የረዳነው ነገር ጠቅሞ እንደ ሆነ ተመልሰን አናይም።

በእናታችን ላይ የኾነውን በዚህ አካሄድ ብንመለከተው ነገሩ ይገለጣል። ሐኪሙ «አጥንት ተሰብሯል» አለ፤ ነርሲቱ ግን «ራሳቸውን ማገላበጥ ስለማይችሉ ቆዳቸው አደጋ ላይ ነው» አለች። የሐኪሙ ቃል የበሽታውን ስም፥ የነርሲቱ ቃል የሕመምተኛዋን ችግር ይናገራል። ከዚህ በኋላ ዕቅዱ ቀላል ነው፤ ማን፥ በስንት ሰዓቱ፥ ወደ የትኛው ጎን እንደሚያዞራቸው ይወሰናል፤ ቆዳቸውም በየቀኑ ይታያል።

እንግዲህ በቤቱ ሕመምተኛ ያለው ኹሉ እነዚህን ይጠብቅ። ሕመምተኛውን ከመንካት በፊትና በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። ራሱን መገልበጥ የማይችለውን በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ጎን ማስለወጥ፥ ሲያዞሩትም እየጎተቱ ሳይኾን እያነሡ መኾን አለበት። ተረከዙን፥ ዳሌውንና ጀርባውን በየቀኑ ማየት፥ ቀልቶ የማይመለስ ሥፍራ ቢገኝ ጫናውን ማንሣት እንጂ ማሸት አይገባም። አንሶላው ደረቅና ያልተጨማደደ ይኹን። ሲመገብ ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ ተኝቶ የዋጠው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥ። የሚጥል በሽታ የጣለውንም በጎኑ ማስተኛት እንጂ በአፉ ብረት ወይም እንጨት መክተት አይገባም። ፊቱን መታጠብ የሚችለው ራሱ ይታጠብ፤ የሚችለውን ከእጁ መንጠቅ ፍቅር ይመስላል እንጂ አቅሙን ያደክማል። መተንፈስ ያቃተው፥ መጠጣት ያልቻለ፥ ወይም የሚለው የጠፋው ሕመምተኛ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይድረስ።

ወደ ግሸን ሕመምተኛ ይዞ የሚጓዝም አስቀድሞ ያስብ። ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል፥ ሌሊቱም ይበርዳል፤ ስለዚህ እያረፉ መውጣት፥ የሚሞቅ ልብስና ንጹሕ ውሃ መያዝ ይገባል። የልብ ሕመም ያለበት ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ከኹሉም በላይ ጠበልና መድኀኒት ጠላቶች አይደሉም። የሳንባ ነቀርሳ፥ የኤች አይ ቪ፥ የስኳር ወይም የሚጥል በሽታ መድኀኒት የሚወስድ ሰው ተጠመቅሁ ብሎ መድኀኒቱን ቢያቋርጥ ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል። ጠበሉንም በእምነት ይጠመቅ፥ መድኀኒቱንም በሰዓቱ ይዋጥ፤ እግዚአብሔር በሁለቱም ይሠራልና። ስለ ጾሙም ለንስሓ አባቱ ይንገር፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ትራራለች።

በመጨረሻም አስታማሚውን አንርሳው። ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ሰው ይሳሳታል፥ ይታመማልም። ሕመምተኛ ልንጠይቅ ስንሄድ «እግዜር ይማርዎ» ብለን ቡና ጠጥተን ከመመለስ፥ አስታማሚው ጥቂት እንዲተኛ እኛ ተራውን ብንይዝ እጅግ ይሻላል። ነርሲቱ እኛን የጠየቀችንንም በትሕትና እንጠይቅ፤ በቀን ስንት ጊዜ ይገላበጣሉ? ጀርባቸውንስ ዛሬ ማን አይቷል?

የግሸኗ እመቤት ለሕሙማን ምሕረትን፥ ለአስታማሚዎችም ብርታትንና ማስተዋልን ታሰጠን። አሜን።