ቶሲኝ ባክቴሪያ ይገድላል? አዎ፣ ግን...

ዛሬ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ ነገር ላውራችሁ። «ዶክተር፣ የሀበሻ መድኃኒት እውነት ባክቴሪያ ይገድላል ወይስ ወሬ ነው?»

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት ሳል የያዘውን የሁለት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ቤት ምን እንደሰጠችው ስጠይቃት «ቶሲኝ በማር» አለችኝ። ተቆጣኋት። ልጁ ተራ ጉንፋን ነበር የያዘው፣ ምንም የሚያስቆጣ ነገር አልነበረም።

ከወራት በኋላ ያው ልጅ ቶሎ ቶሎ እየተነፈሰ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ እየሰረጎደ መጣ። የሳንባ ምች ነበር። «ቤት ምን ሰጣችሁት?» ስል እናትየው «ምንም» አለች። አያቱ ናቸው ወደ ጎን ወስደው፣ «ልጄ፣ እንዳትቆጣት ፈርታ ነው እንጂ አራት ቀን ሙሉ ቶሲኝ ስናጠጣው ነበር» ያሉኝ። ልጁ ተኝቶ ታክሞ ዳነ። እነዚያ አራት ቀናት ግን እስካሁን ይከነክኑኛል።

📌 ቶሲኝ ውስጥ ምን አለ?

ቶሲኝ በባሌና በሰሜን ተራሮች፣ በሌሎችም ደጋ ቦታዎች የሚበቅል የአገራችን ተክል ነው። ያንን ደስ የሚል ሽታ የሚሰጡት ታይሞል እና ካርቫክሮል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። የባክቴሪያውን ሽፋን ይበሱታል፣ ውስጡ ያለው ይፈስሳል፣ ይሞታል። ታይሞል በአንዳንድ የአፍ መጉመጥመጫዎች ውስጥም ይገባል። ስለዚህ እናቶቻችን ዝም ብለው አላወሩም።

📌 ታዲያ ለምን የሳንባ ምች አያድንም?

ላብራቶሪ ውስጥ የተክሉ ዘይት ወይም ጭማቂ በቀጥታ ባክቴሪያው ላይ ይደረጋል። ሻይ ውስጥ ያለው ግን ትንሽ ነው። እሱንም ጉበት ይለዋውጠዋል። ሳንባ ጋ የሚደርሰው ባክቴሪያ ለመግደል አይበቃም። «ይበቃ ዘንድ ዘይቱን ልጠጣ» ደግሞ አይባልም፣ ይመርዛል። በረኪናም እኮ ባክቴሪያ ይገድላል፣ ግን አንጠጣውም።

ስሙም አያሳስታችሁ። ዳማከሴ አሽተን የምንቀባለት ምች እና የሳንባ ምች አንድ አይደሉም።

📌 እና ምን እናድርግ?

✅ ለተራ ጉንፋን ቶሲኝ ሻይ መጠጣት ችግር የለውም። አብዛኛው ጉንፋን በቫይረስ ስለሚመጣ አንቲባዮቲክም አያስፈልገውም።
❌ ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም።
❌ እርጉዝ ከሆናችሁ ጤና አዳም ጨምቃችሁ ወይም በብዛት አትጠጡ፣ ለፅንሱ አደገኛ ነው።
❌ ዋርፋሪን የምትወስዱ ነጭ ሽንኩርት በብዛት ከመውሰዳችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፣ መድማትን ሊያባብስ ይችላል።

🚨 ልጃችሁ ካሳለው ትንፋሹን ቁጠሩ

ሳያለቅስ፣ ረጋ ብሎ እያለ ልብሱን ገለጥ አድርጉና ስልካችሁ ላይ 1 ደቂቃ ሞልታችሁ ቁጠሩ።

🔴 ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት፦ 50 እና ከዚያ በላይ
🔴 ከ1 እስከ 5 ዓመት፦ 40 እና ከዚያ በላይ

ይህን ካያችሁ፣ ወይም ደረቱ ከሰረጎደ፣ ጡት ወይም ውሃ አልወስድ ካለ፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከደነዘዘ፣ ቶሲኙን አስቀምጡና ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ከ2 ወር በታች ከሆነ ደግሞ ቆጠራም አትጠብቁ፣ ቶሎ አሳዩት።

ስትሄዱም ቤት የሰጣችሁትን ሁሉ ንገሩን። ሐኪሙ ቢቆጣም ንገሩት። እኔ ያኔ ባልቆጣ ኖሮ ያቺ እናት በመጀመሪያው ቀን ትመጣ ነበር።

ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ሼር አድርጉላቸው። በጤና ቆዩልኝ! 🌿