ለመቀስ የሚዘራ አበባ

ኢትዮጵያ አበባ ወደ ውጭ በመላክ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ የምትጠቀስ አገር ናት። ከሆለታ፣ ከሰበታና ከዝዋይ የሚነሣው ጽጌረዳ አብዛኛው መዳረሻው ኔዘርላንድስ ነው፤ አዲስ አበባም ውስጥ ገንዘብ ላለው ሰው ጽጌረዳ አይቸግርም። ታዲያ ለሳሎን የሚሆን አበባ በጓሮ ማብቀል ምን ይጠቅማል? ከጽጌረዳው ጋር ለመፎካከር ከሆነ ምንም አይጠቅም። የጓሮው መደብ የሚያዋጣው ንግዱ ሊሸከማቸው የማይችላቸውን አበቦች ለማግኘት ነው። ለገበያ የሚለማ ጽጌረዳ ውበት ብቻውን አያሳልፈውም። ተቆርጦ፣ በብርድ ክፍል አድሮ፣ ያለ ውሃ በካርቶን ታሽጎ፣ በአውሮፕላን ተጉዞ፣ ከዚያ በኋላ ገዢው ቤት ሳምንት መሰንበት አለበት። ስለዚህ መልካበባው ጠንከር ያለ፣ ዘንጉ ረጅምና ቀጥ ያለ ዝርያ ይመረጣል፤ በዚህ ምርጫ መሀል ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ሽታው ነው። ዳሊያ ግን ይህን ጉዞ አይችልም። መልካበባው ስስ ነው፤ እንቡጡ ከተቆረጠ በኋላ አይፈካም፤ ፈክቶ ከተቆረጠ ደግሞ የሚቀረው ዕድሜ ከ4 እስከ 5 ቀን ነው። ዚኒያን ብርድ ክፍል ይጎዳዋል፤ ኮስሞስም በካርቶን ሲታሸግ ይረግፋል። ከመደቡ እስከ ጠረጴዛው ሃያ እርምጃ ለሆነ ሰው ግን ይህ ሁሉ እንከን አይደለም።

ሦስቱም የሜክሲኮ ተወላጆች ናቸው። የዳሊያ ዘር እ.ኤ.አ. በ1789 ማድሪድ ወደሚገኘው የዕፅዋት ማዕከል ተልኮ ከዚያ ዓለምን አዳረሰ፤ ሜክሲኮም በ1963 ብሔራዊ አበባዋ አደረገችው። የዱር ዘመዶቹ የሚበቅሉት ክረምቱ ዝናባም፣ በጋው ደረቅ በሆነ ደጋ ላይ ስለሆነ የእኛ ደጋ ለዳሊያ እንግዳ አይሆንበትም። የአውሮፓ አትክልተኛ ውርጭ እንዳይገድልበት እንደ ድንች ያበጠውን ሥር በየዓመቱ ቆፍሮ ያስቀምጣል፤ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ግን ሥሩ ብዙውን ጊዜ እመሬት ውስጥ መክረም ይችላል። እዚህ የሚገድለው ውሃ የሚያቁር ጥቁር አፈር ነው። መደቡን ከፍ አድርጎ ኮምፖስት መቀላቀል ለዳሊያ ከማንኛውም ማዳበሪያ ይበልጣል።

አበባ ተክሉ ላይ እያለ ቢታይ አይሻልም ወይ የሚል ሰው አይጠፋም። ስሜቱ ይገባል፤ ተክሉ ግን በሌላ ሕግ ይኖራል። እንደ ዚኒያና ኮስሞስ ያለ የአንድ ወቅት ተክል የሚያብበው ዘር ለመያዝ ነው፤ ዘሩ ከጎመራ አዲስ እንቡጥ ማውጣቱን ያቀዛቅዛል። አበባው ዘር ሳይይዝ ሲቆረጥ ግን ከቅጠሉ ብብት አዳዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ከታች ሲቀነጠስ ከላይ እንደሚተካው የጓሮ ጎመን መሆኑ ነው። ችግኙ ሦስት ወይም አራት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ጫፉን መቀንጠስም ለዚህ ይረዳል፤ ጭካኔ ይመስላል፣ ግን አንድ ዘንግ ብቻ የነበረው ብዙ ዘንግ ይሆናል። ሲቆረጥም እጅ መሰሰት የለበትም፤ ዝቅ ብሎ፣ ከቅጠል ጥንድ በላይ ሲቆረጥ የሚተካው ዘንግ ረጅም ይሆናል።

ቤት ከገባ በኋላ አበባን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ጥማት ነው፤ ያውም ውሃ ውስጥ ቆሞ። ዘንጉ ውሃ የሚስብባቸው ጠባብ መስመሮች አሉት፤ አየር ከገባባቸው ወይም ባክቴሪያ ከደፈናቸው አበባው ይጠወልጋል። ስለዚህ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ዘንጉ ውሃ ጠግቦ ባደረበት በማለዳ ቆርጦ ወዲያው ንጹሕ ባልዲ ውስጥ መንከር፣ ጥቂት ሰዓት ጥላ ውስጥ ማቆየት፣ ውሃ የሚነካውን ቅጠል ሁሉ ማርገፍ ያስፈልጋል። የዘንግን ጫፍ በመዶሻ መቀጥቀጥ የተለመደ ምክር ቢሆንም መስመሮቹን ጨፍልቆ ለባክቴሪያ መኖ ከማብዛት በቀር አይረዳም። ስኳር ብቻውን መጨመርም እንዲሁ ባክቴሪያውን ይቀልባል፤ ውሃውን በየሁለት ቀኑ ቀይሮ ጫፉን እንደገና በስለት መቁረጥ ይበልጣል። ከበሰለ ሙዝ አጠገብ አለማስቀመጥም ይገባል፤ ከፍሬው የሚወጣው ኤትሊን የተባለ ጋዝ አንዳንዱን አበባ በተለይም ካርኔሽንን ቶሎ ያስረጀዋል።

አደራደሩ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አበባ በማብዛት ነው። ቅጠል ሳይኖር አበባ ብቻ ከተጨናነቀ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። መጀመሪያ ቅጠል ገብቶ ቅርጹን ይሥራ፤ ከዚያ ትልልቆቹ ዳሊያዎች፣ ግማሾቹ ዝቅ ብለው፣ አንዱ ወደ ጎን ዞሮ፤ በመጨረሻ ክፍተቱን የሚሞላ ቀጭን ነገር። ለዚህ ሥራ ያበበ እንስላል የሚተካከለው የለም። ሮዝመሪም ይሆናል። ጤና አዳም ያምራል፣ ግን ፈሳሹ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊያቆስል ስለሚችል ጓንት ይፈልጋል። ቁመቱ ከማስቀመጫው አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ቢሆን አይን አይረብሽም፤ ከበላተኞች መሀል የሚቀመጥ ከሆነ ግን ሰው ለሰው እንዲተያይ ማሳጠር ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ መሬቱና ውሃው ለምግብ ይዋል የሚለው ነው። ቦታው ለአንድ መደብ ብቻ ለሚበቃ ቤተሰብ እውነት ነው፤ ጎመኑ ይቅደም። ነገር ግን ዚኒያ በጎመን መደብ ጠርዝ ላይ ይበቅላል፣ አትክልት የታጠበበት ውሃም ይበቃዋል፤ ያልተቆረጠውን አበባ ደግሞ ንቦች ይቀስሙታል። ለሠርግ አዳራሽ ወይም ሩቅ ለሚላክ ስጦታ ከሆነ ክርክር አያስፈልግም፤ ሳምንት የሚቆየውን የሆለታን ጽጌረዳ መግዛት ነው።