በ4,500 ዓመት 40 ኪሎ

ቀይ አፈርን የሚያቀላው ብረት ነው። ይኸው ብረት በርከት ብሎ የሚገኝበት አፈር ሲፈጭ ጥሩ ቀለም ይወጣዋል፤ ሰው ይህን ካወቀ ደግሞ ዘመናት አልፈዋል።

ከድሬዳዋ በስተደቡብ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከደቻቱ ሸለቆ ወደ 140 ሜትር ከፍ ብሎ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ1929 ለጥናት ዓለም ታወቀ፤ በ1933 ተቆፈረ፤ ዋናው ቁፋሮ ግን የተካሄደው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። ከዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ በፊት ከነበረው ንብርብር 4,213 የቀለም አፈር ቁርጥራጭ ወጣ። በጠቅላላው 40 ኪሎ ነው፤ ግማሽ ኩንታል እንኳ አይሞላም።

ይህ አፈር የተጠራቀመው ቢያንስ በ4,500 ዓመት ውስጥ ነው። ሲካፈል በዓመት አንድ ቁራጭ አይደርስም፤ ክብደቱም 9 ግራም አይሞላም። አንድ ትውልድ 25 ዓመት ቢባል 180 ትውልድ እየተቀባበለ የሠራው ሥራ ነው። በእርግጥ ይህ ስሌት የሚያሳየው የተረፈውን ብቻ ነው። ተፈጭቶ የተቀባው ዱቄት ሚዛን ላይ አልወጣም።

የአፈሩ አብዛኛው ክፍል የተገኘው ዋሻው ውስጥ በአንድ አካባቢ ተሰብስቦ ነው። ወፍጮውና መጁም እዚያው ነበሩ፤ 21 የመፍጫ ድንጋዮች ተመርምረዋል። ከልዩ ልዩ የድንጋይ ዓይነት የተሠሩ በመሆናቸው ዱቄቱ አንዱ ሻካራ፣ ሌላው ልም ሆኖ ይወጣ ነበር። አንዲት ድቡልቡል ጠጠር ደግሞ እስከ ግማሿ በቀለም ተነክራለች። አጥኚዎቹ እንደ ማኅተም ሳታገለግል አልቀረችም ይላሉ።

በምዕራብ አውስትራሊያ በረሃ ሚዛኑ ሌላ ነው። ነባር ሕዝቦች ዊልጂ ሚያ በተባለው ስፍራ በድንጋይ መዶሻና በእሳት በጠነከረ የእንጨት ሽብልቅ ቆፍረው ያወጡት 19,600 ቶን ይገመታል። 50 ኩንታል በሚጭን አይሱዙ 3,920 ምልልስ ይሆናል። ጉድጓዱ እስከ 20 ሜትር ይጠልቃል።

በደቡብ አውስትራሊያ ደግሞ የዲየሪ ሕዝብ ወንዶች ከ70 እስከ 80 ሆነው፣ 500 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ተጉዘው ፓራቺልና አጠገብ ካለው ጉድጓድ ቀዩን አፈር ያመጡ ነበር። እያንዳንዱ ሰው 30 ኪሎ ገደማ ተሸክሞ ይመለስ ነበር። አንድ ጉዞ ከሁለት ቶን በላይ ያስገኛል ማለት ነው፤ የፖርክ ኤፒክ የ4,500 ዓመት ቅሪት ግን የሁለት ሰው ሸክም አይሞላም።