ከመብረቁ ሥር የሚያነበው ሰው

በየጊዜው በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚዞር አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አለ። ቤቱን የሞላ መብረቅ ይንተከተካል፤ ከሥሩ አንድ ቀጭን ሰው ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ በእርጋታ ያነባል። ሰውየው መሐንዲሱ ኒኮላ ቴስላ ነው። አብሮት የሚዞረው ጽሑፍም ያው ነው፦ «ኤሌክትሪክ የማይነካው ሊቅ»፣ ሲብስም «የተደበቀብን የነጻ ኃይል ምስጢር»። ይህ ወሬ ይብቃ! ማስተባበያውን ቴስላ ራሱ ጽፎታል።

ቦታው ኮሎራዶ ስፕሪንግስ፣ አሜሪካ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. የ1899 መጨረሻ። ከጀርባው የሚታየው አጥር መሰል ነገር ዙሪያውን ሽቦ የተጠመጠመበትና ከዳር እስከ ዳር 15 ሜትር ገደማ የሚሆን ኮይል ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ቮልት ስለሚያመነጭ አየሩን ሰንጥቆ ብልጭታ ይረጫል። ብልጭታው እውነተኛ ነው። ጉዳዩ ያለው ካሜራው ላይ ነው።

የዚያን ዘመን ካሜራ ምስል የሚይዘው የብር ጨው በተቀባ የመስታወት ሰሌዳ ላይ ነበር። ሰሌዳው ብርሃን በነካው ቦታ ሁሉ ይለወጣል፤ ጨለማ ግን ምንም አይጨምርበትም፣ ምንም አይቀንስበትም። ጣሪያ የሚያንጠባጥበውን ውሃ እንደሚያጠራቅም ባልዲ፣ ትናንት የገባውና ዛሬ የገባው ብርሃን በላዩ ላይ አንድ ይሆናል። ስለዚህ ቤቱን አጨልሞ፣ የካሜራውን ዓይን ከፍቶ፣ ኮይሉን ደጋግሞ መተኮስ ይቻላል። እያንዳንዱ ብልጭታ የራሱን መስመር ጥሎ ያልፋል። በዓይን ሲታይ ተራ በተራ የመጣው፣ ሰሌዳው ሲታጠብ በአንድ ቅጽበት የፈነዳ ደን ይመስላል። ፎቶግራፍ አንሺው ዲከንሰን አሌይና ቴስላ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ከዚያ ኮይሉ ጠፋ። ቴስላ መጥቶ ተቀመጠ፤ በአርክ መብራት ያው ሰሌዳ እንደገና ብርሃን አገኘ፤ በመጨረሻም የፊቱ መልክ እንዲወጣ ጥቂት የፍላሽ ባሩድ ተለኮሰ። ወንበሩ አስቀድሞ ብዙ ብርሃን አግኝቶ ቢሆን ኖሮ በሰውየው ገላ ውስጥ አልፎ ይታይ ነበር።

ቴስላ ይህን በማስታወሻው አስፍሮታል፤ ፎቶ ሲነሳ ኮይሉ እየሠራ እንዳልነበርም በግልጽ ጽፏል። ማስታወሻው እ.ኤ.አ. በ1978 ቤልግሬድ ላይ ታትሟል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ በሰው ፊት ፈጣን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በገላው አሳልፎ አምፖል አብርቷል፤ ያ ሐሰት አይደለም። በጣም ፈጣን የሆነ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነርቭን እንደ ግድግዳ ሶኬት አይነዝርም። ነገር ግን አለመንዘሩ አለመጉዳቱ አይደለም፤ ሥጋን ከውስጥ ያቃጥላል። ያኔ የተጠቀመበት መሣሪያም ከኮሎራዶው ጋር አይወዳደርም። ከዚያኛው ትርዒት ተነስቶ «ከመብረቁ ሥር መቀመጥም ይቻላል» የሚል ሰው ሕይወት ያስጠፋል።

ፎቶው ያስቃል፤ ሳቁበት። እኔን የሚያስቀኝ ግን እውነተኛው ታሪክ ነው፦ በታኅሣሥ ብርድ፣ ጠፍቶ ዝም ባለ ማሽን አጠገብ፣ የዘመኑ ታላቅ መሐንዲስ ምስሉ እንዳይደበዝዝ ሳይነቃነቅ የሚያነብ መስሎ ተቀምጧል። ፎቶውን የምታጋሩ ሁሉ ከሥሩ «በአንድ ሰሌዳ ላይ በተለያየ ጊዜ የተነሳ» ብላችሁ ጻፉበት። ኮይል በቤታቸው መሥራት የጀመሩ ልጆች ያዩታል።