ከሙቀቱ በፊት የሚመጣው ጥያቄ

የሕመም ስሜት የሚያደርሱ ነርቮችን በሙቀት የሚያቃጥለው ሬዲዮፍሪኩዌንሲ አብሌሽን የተባለው ሕክምና ለዓመታት ወገባቸውን፣ አንገታቸውን ወይም ጉልበታቸውን ለታመሙ ሰዎች የወራት እፎይታ ሊሰጥ ይችላል። እፎይታው የሚገኘው ግን ማሽኑ ከመከፈቱ በፊት ሐኪሙ የሕመሙን ምንጭ በትክክል ካገኘ ነው።

በመኪና አደጋ አንገታቸው ተጎድቶ ሕመሙ አልለቅ ያላቸው 24 ሰዎች ነበሩ። ግማሽ ያህሉ ለ34 ወርና ከዚያም በላይ ተሠቃይተዋል። አውስትራሊያ ውስጥ ዶክተር ሱዛን ሎርድና ባልደረቦቿ እነዚህን ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ለሁሉም መርፌ ገባላቸው፤ የተደረገላቸውም ዝግጅት አንድ ዓይነት ነበር። ብቻ የ12ቱ መርፌ ጫፍ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ሲሞቅ፣ የሌሎቹ 12 በሰውነት ሙቀት በ37 ዲግሪ እንዳለ ቀረ። ማን የትኛውን እንዳገኘ ታካሚዎቹ አያውቁም ነበር።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1996 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ታተመ። ሙቀቱን ባላገኙት ዘንድ ሕመሙ ቢያንስ ወደ ቀድሞው ግማሽ ለመመለስ የወሰደበት መካከለኛ ጊዜ 8 ቀን ሲሆን፣ ሙቀቱን ባገኙት ዘንድ ግን 263 ቀን ሆነ። ወደ ዘጠኝ ወር ይጠጋል ማለት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ለሚያነጋ ሰው ይህ ትልቅ ስጦታ ነው።

ይህ ጥናት በተነሣ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። እነዚያ 24 ሰዎች አንገቴን አመመኝ ስላሉ ብቻ አልተመረጡም። ሕመማቸው ከየትኛው መገጣጠሚያ እንደሚነሣ አስቀድሞ በማደንዘዣ መርፌ ተፈትኗል፤ ግምት እንዳይቀላቀልበትም መድኃኒት በሌለው መርፌ ተመሳክሯል። በእኔ እምነት የሕክምናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሙቀቱ እንዴት ይሠራል?

ከአከርካሪ አጥንቶች ጀርባ በግራና በቀኝ ፋሴት የሚባሉ ትንንሽ መገጣጠሚያዎች አሉ። ጎንበስ ቀና ስንል፣ ዘወር ስንል ጀርባችንን ሥርዓት የሚያስይዙት እነርሱ ናቸው። እንደ ጉልበት ሁሉ በዕድሜ ብዛት ይበላሉ፤ በአደጋም ይጎዳሉ። ወገብ ላይ የእያንዳንዱን መገጣጠሚያ ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሱት ሁለት ቀጫጭን ነርቮች ናቸው። አብሌሽን የሚያነጣጥረው በእነዚህ ላይ ነው።

ሐኪሙ ከጫፉ በቀር ዙሪያው በኤሌክትሪክ መከላከያ የተሸፈነ መርፌ በኤክስሬይ እየተመራ ነርቩ ወዳለበት ቦታ ያስገባል። ከዚያም በሰከንድ 500,000 ጊዜ ያህል አቅጣጫውን የሚቀያይር ኤሌክትሪክ ይለቀቃል። በጫፉ ዙሪያ ባለው ሥጋ ውስጥ ያሉ ኤሌክትሪክ ያዘሉ ቅንጣቶች በኃይል ይርገበገባሉ፤ እርስ በርስ ሲፋተጉም ሙቀት ይፈጠራል። ነርቭ ከ45 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ይጎዳል። በተለመደው አሠራር ሙቀቱን ከ80 እስከ 90 ዲግሪ አድርሶ ከአንድ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ማቆየት ይበቃል። የሚቃጠለው ቦታ ስፋቱ ሚሊሜትሮች ብቻ ነው፤ ስለዚህ መርፌው በጥቂቱ እንኳ ቢስት ነርቩ ሳይነካ ይቀራል።

ሙቀቱ ከመለቀቁ በፊትም ፍተሻ አለ። በመርፌው ቀለል ያለ ኤሌክትሪክ ሲላክ ታካሚው የለመደው ሕመም በለመደው ቦታ ከተሰማው መርፌው ለዒላማው ቀርቧል። ቀጥሎ በሰከንድ ሁለት ጊዜ የሚመታ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ይህን ጊዜ የጀርባ ትንሽ ጡንቻ ብትርገበገብ ደግ ነው፤ እግር ከተንቀሳቀሰ ግን መርፌው ወደ እግር ለሚወርደው ትልቅ ነርቭ ተጠግቷልና ቦታው ይቀየራል። ታካሚው ጭልጥ ብሎ እንዲተኛ የማይደረገው መልስ መስጠት ስላለበት ነው።

ነርቩ ለዘለዓለም አይሞትም። የተቃጠለው ቅርንጫፉ ሲሆን ዋናው ሕዋስ አከርካሪው አጠገብ ደኅና ነው። ግንዱ ተቆርጦ ጉቶው የቀረ ባሕር ዛፍ እንደሚያቆጠቁጥ ሁሉ፣ ነርቩም በስድስት ወር፣ በዓመት ወይም ከዚያ ዘግይቶ ተመልሶ ያድጋል። ሕመሙ ሲመለስ ሕክምናው ሊደገም ይችላል።

ከፊት ሕመም እስከ ወገብ

ነርቭን በኤሌክትሪክ ሙቀት ማከም የተጀመረው ከፊት ነው። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ማርቲን ኪርሽነር እ.ኤ.አ. በ1931 ፊትን እንደ መብረቅ የሚመታውን የትራይጀሚናል ነርቭ ሕመም በኤሌክትሪክ ማቃጠል እንደሚቻል አሳየ። በ1950ዎቹ በርናርድ ኮስማንና ሶል አሮኖው ሙቀትን መቆጣጠር የሚያስችል የሬዲዮ ሞገድ ማመንጫ አሜሪካ ውስጥ ሠሩ። አሜሪካዊው ኖርማን ሺሊ ደግሞ በ1970ዎቹ አጋማሽ ይህን መሣሪያ ለወገብ ሕመም አዋለው፤ ብዙ ሐኪሞችም ተከተሉት።

እ.ኤ.አ. በ1979 ግን ኒኮላይ ቦግዱክ የተባለው የአውስትራሊያ ሊቅ ከዶንሊን ሎንግ ጋር የሰውን አስከሬን እያጠና፣ ሐኪሞች ሲያቃጥሉት በነበረው ቦታ ላይ የታሰበው ነርቭ አለመኖሩን ገለጠ። ከዚያ ወዲህ መርፌው የሚያርፍበት ቦታ ተቀየረ። መርፌውን ከነርቩ ጎን ለጎን ማስተኛት እንጂ በጫፍ መውጋት ብቻውን እንደማይበቃም ታወቀ፤ ሙቀቱ የሚሰፋው ይበልጥ ወደ ጎን ነውና። ከላይ ያነሣሁት የ1996ቱ ጥናት የዚህ ትዕግሥት ፍሬ ነው፤ ቦግዱክም ከጥናቱ አዘጋጆች አንዱ ነበር።

በኋላ ሕክምናው ወደ ጉልበትም ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2011 የደቡብ ኮሪያ ሐኪሞች ጉልበታቸው ክፉኛ የተበላ 38 አረጋውያንን አጥንተው፣ ሙቀቱን ያገኙት ካላገኙት ይልቅ እንደቀለላቸው አስነበቡ።

ሊቃውንቱ ያልተስማሙበት

ሆላንድ ውስጥ በ681 ሰዎች ላይ ሦስት ጥናቶች ተካሂደው ውጤታቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ጃማ በተባለው መጽሔት ታተመ። አብሌሽንን ከአካል ብቃት ልምምድ ጋር ያገኙት ሰዎች፣ ልምምዱን ብቻ ከሠሩት ይህ ነው የሚባል ብልጫ አላሳዩም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ደግሞ በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ መመሪያ ሥር ለሰደደ የአከርካሪ ሕመም ይህን ሕክምና እንዳይሰጡ አጥብቆ መከረ። በዘርፉ የሚሠሩ ብዙ ሐኪሞች መመሪያውን ተቃወሙ፤ ታካሚዎቹ በጥንቃቄ ያልተመረጡባቸውና መርፌው በወጉ ያልተቀመጠባቸው ጥናቶች ከጥሩዎቹ ጋር ተደባልቀዋል ይላሉ።

በሌላ በኩል የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2016 ሕክምናውን በቅድመ ሁኔታ ፈቅዷል። ሌላው ሕክምና ያልሠራለት፣ ሕመሙን ከአሥር አምስትና ከዚያ በላይ የሚመዝን፣ በማደንዘዣው ፍተሻም የተሻለው ሰው ብቻ ሊታሰብለት ይችላል።

ክርክሩን ሳየው ሁለቱም ወገኖች አንድ እውነት ይነግሩናል። ወገቡን ለታመመ ሁሉ የሚሰጥ ከሆነ ይህ ሕክምና የተስፋ ሽያጭ ይሆናል። ምንጩ ለተጣራለት ሰው ግን ሊያስቡበት የሚገባ ዕድል ነው።

በእኛ ቤት

ወገቡን ያመመው ሰው ኩላሊቴ ነው ማለቱ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ከዚያ ወጌሻ ጋ ይኬዳል፤ ጸበል ይጠመቃል፤ ማስታገሻ ከመድኃኒት ቤት ይገዛል። አቅም ያለው ደግሞ ኤምአርአይ ይነሣል፤ ዲስክዎ ተበልቷል የሚል ወረቀት ይዞም ይመለሳል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጥናቶች ቅኝት፣ አንዳች ሕመም ከሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች መካከል 37 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አረጋውያን መካከል ደግሞ 96 በመቶው በምስል ሲታዩ ዲስካቸው የተበላ መሆኑን አሳይቷል። ምስሉ መበላቱን እንጂ ሕመሙ ከዚያ መምጣቱን አያረጋግጥም።

ለዚህ ነው የማደንዘዣው ፍተሻ ዋጋ ያለው። የሚጠረጠሩት ነርቮች ጥቂት ማደንዘዣ ይወጋሉ፤ ታካሚው ወደ ቤቱ ሄዶ እንደ ወትሮው ጎንበስ ቀና ይላል፣ ይቀመጣል፣ ይራመዳል። ለጥቂት ሰዓታት ሕመሙ በእጅጉ ከቀለለ ምንጩ ተገኝቷል ማለት ይቻላል። ጥንቁቅ ሐኪሞች ፍተሻውን በሌላ ቀን ይደግሙታል። ምንም ለውጥ ከሌለ አብሌሽን ለዚያ ሰው አይሆንም፤ ይህን ማወቅም ትርፍ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ሥራም አለ። በአገራችን የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ዛሬም ሰው ይጥላል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ከጀርባ ሕመም ጋር ከመጡ ሐኪም ዘንድ በቶሎ መሄድ ያስፈልጋል። እግር ከሰነፈ፣ ሽንት እምቢ ካለ ወይም በመቀመጫ አካባቢ ስሜት ከጠፋ ደግሞ ያን ዕለት ድንገተኛ ክፍል መድረስ ግድ ነው። እንዲህ ያለውን ሕመም በሙቀት ዝም ማሰኘት አደጋን መሸፈን ነው።

የተገኘውን ጊዜ መጠቀም

ሂደቱ ሲያልቅ ታካሚው አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሁለት ሳምንት ያህል ቦታው ያመዋል፤ ቆዳው ሊደነዝዝ ወይም ሊለበልበው ይችላል። እውነተኛው እፎይታ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ቶሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ኢንፌክሽን ያለበት ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ መናገር አለበት።

ሕመሙ ጋብ ሲል ሥራው ይጀምራል። ለዓመታት ከፍርሃት የተነሣ ያልተንቀሳቀሰ ጀርባ ጡንቻው ሟሙቷል። የተገኙት ወራት በእግር ለመሄድ፣ በፊዚዮቴራፒ ወገብን ለማጠንከር፣ እንቅልፍን ለማስተካከል፣ የማስታገሻ ኪኒንን በሐኪም ምክር ለመቀነስ ሊውሉ ይገባል። ነርቩ ተመልሶ ሲያድግ የሚያገኘው ጀርባ ከቀድሞው የበረታ መሆን አለበት።

ይህ ሕክምና ለእርስዎ ወይም ለወላጅዎ ከታሰበ ሐኪሙን ሳያፍሩ ይጠይቁ። ሕመሙ ከየትኛው መገጣጠሚያ ነው? በማደንዘዣ ተፈትኗል? ስንት ጊዜ? ካልሠራስ ቀጥሎ ምን አለ? ሕመምተኛውን አምኖ ማዳመጥና ምንጩን አጣርቶ ማወቅ የሐኪሙ ግዴታ ነው። ሁለቱ ካልተሟሉ ማሽኑ አይከፈት፤ ከተሟሉ ግን ሕመም የማንም ዕጣ ፈንታ እንዳልሆነ አምነው፣ በቂ መረጃ ይዘው ይወስኑ።