በቀን የተቀጠረ ደስታ

ዓመቱን ሙሉ «ዝም በሉ» ሲባሉ የኖሩ ልጆች በፑሪም በዓል ማታ «በሉ ጩኹ» ይባላሉ። በዚያ ማታ በአይሁድ ምኩራብ መጽሐፈ አስቴር ከብራና ጥቅል ላይ ከዳር እስከ ዳር ይነበባል። አንባቢው ሕዝቡን ለማጥፋት ያሴረው የሐማ ስም ላይ በደረሰ ቁጥር ቤቱ ይናወጣል። ልጆቹ ሲሽከረከር የሚንኳኳ የእንጨት መጫወቻቸውን ያዞራሉ፤ ጎረምሶቹ ወለሉን በእግራቸው ይደልቃሉ፤ የሐማን ስም ጫማው ሶል ላይ ጽፎ እስኪጠፋ የሚረግጥም አለ። አንባቢው ሁካታው እስኪበርድ ይቆምና ካቋረጠበት ይቀጥላል፤ ከታሪኩ አንዲት ቃል ሳትሰማ እንድታልፍ አይፈቀድምና። በማስመሰያ ልብስ መምጣት የማታው ወግ ስለሆነ ረቢው ራሱ ዶሮ መስሎ ቢመጣ ማንም አይደነግጥም።

እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ ደስ ያላቸው ሰዎች የተሰበሰቡ ይመስለዋል። የተሰበሰቡት ግን ቀኑ ስለደረሰ ነው። ከመካከላቸው ሥራውን ያጣ፣ ከወንድሙ የተኳረፈ፣ ሐኪም ክፉ ወሬ የነገረው ሊኖር ይችላል፤ እሱም መጥቷል። በአይሁድ ሥርዓት ደስታ ቀን የተቆረጠለት ግዴታ ነው፤ ግዴታውንም ብቻውን ሆኖ የሚወጣው ሰው የለም። ፑሪም አራት ነገር ያዛል፦ ንባቡን መስማት፣ ቢያንስ ለአንድ ወዳጅ ሁለት ዓይነት የሚበላ ነገር መላክ፣ ቢያንስ ለሁለት ድሆች መስጠትና ግብዣ መቀመጥ። በሩን ዘግቶ ብቻውን የጠገበ ሰው ፑሪምን አከበርኩ ሊል አይችልም።

ይህ ሁሉ የተንጠለጠለበት የዘመን አቆጣጠር ራሱን የቻለ ማሽን ነው። ወሩ በጨረቃ ይቆጠራል፤ 29 ወይም 30 ቀን አለው። አሥራ ሁለቱ ወራት ሲደመሩ 354 ቀን ያህል ስለሚሆኑ ዓመቱ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። ዝም ቢባል ፋሲካ ከዓመት ዓመት ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ብርዱ ውስጥ ይገባ ነበር፤ ኦሪት ደግሞ ገብስ በሚያሸትበት ወር አክብሩት ትላለች። ስለዚህ በየ19 ዓመቱ ሰባት ጊዜ አንድ ወር ይጨመራል። ባሕረ ሐሳብ ለተማረ አንባቢ 19ኙም 11ዱም የቆዩ ወዳጆቹ ናቸው፤ አበቅቴና መጥቅዕ የሚወጡት ከዚሁ የጨረቃና የፀሐይ ማስታረቅ ነው። የሚጨመረው ወር አዳር የሚባለው ሲሆን በዚያ ዓመት አንደኛና ሁለተኛ አዳር ይኖራል፤ ፑሪም የሚከበረው በሁለተኛው ነው። ከዚህ የሚወጣ አንድ ጉድ አለ። መንታዎች ተወልደው ታላቁ በአንደኛው አዳር መጨረሻ፣ ታናሹ በሁለተኛው አዳር መግቢያ ላይ ቢሆንና 13 ዓመት የሚሞላቸው አዳር አንድ ብቻ በሆነበት ዓመት ቢውል፣ ታናሹ ከታላቁ በፊት ለአቅመ ሕግ ይደርሳል።

ቀድሞ ስሌት አልነበረም። አዲስ ጨረቃ ያዩ ምስክሮች ኢየሩሳሌም ሄደው ቃላቸውን ይሰጡ፣ ሸንጎውም ወሩን ያውጅ ነበር። ዜናው በተራራ ላይ በሚነድ እሳት ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ይተላለፍ እንደነበር ጥንታዊው የአይሁድ ሕግ መድብል ሚሽና ይናገራል። ሳምራውያን የሐሰት እሳት እያነደዱ ሰውን ማሳሳት ሲጀምሩ ግን በእሳቱ ፈንታ መልእክተኛ መላክ ግድ ሆነ። መልእክተኛ በእግሩ እስኪደርስ ሩቅ ያሉት ማኅበረሰቦች ትክክለኛውን ቀን ማወቅ ስለሚቸገሩ ለጥንቃቄ በዓሉን ሁለት ሁለት ቀን ማክበር ያዙ። ዛሬ የሚሠራበት ቋሚ ስሌት በትውፊት የ4ኛው መቶ ዘመን መሪ ለሆነው ለዳግማዊ ሒሌል ይሰጣል። ጥርጣሬው ከቀረ ዘመናት አልፈዋል፤ ከእስራኤል ውጭ ያሉ፣ ኦርቶዶክስ የሚባሉ ወግ አጥባቂ ምኩራቦች ግን ሁለቱን ቀን ዛሬም አልለቀቁም። ልማድ አንዴ ከገባ በስሌት አይወጣም።

ስሌቱ ሰው ሠራሽ መሆኑ ደስ የሚለው እዚህ ላይ ነው፦ አዲስ ዓመት እሑድ፣ ረቡዕና ዓርብ እንዳይውል ተደርጎ ተቀምሯል። ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል በአሥረኛው ቀን የሚመጣው የስርየት ቀን ከሰንበት ጋር ይገናኝና ሥራ የማይሠራባቸው ሁለት ቀናት ይከታተላሉ። በሊቃውንቱ የሕግ ክርክር መጽሐፍ በታልሙድ ለዚህ ከተሰጡት ምክንያቶች ሁለቱ እጅግ ምድራዊ ናቸው፤ አትክልቱ እንዳይጠወልግና ሬሳ ሳይቀበር እንዳይሰነብት። ጨረቃን ለአንድ ቀን አቆይቶ ለጎመንና ለቀብር የሚያስብ የዘመን ቀመር የትም አይገኝ።

የምኩራቡ ዋና መቁጠሪያ ግን ሌላ ነው፤ አሥር ሰው። ሚንያን ይሉታል። በኦርቶዶክሶቹ ዘንድ አሥሩም 13 ዓመት የሞላቸው ወንዶች መሆን አለባቸው፤ ለዘብ ባሉት በሪፎርምና በአብዛኞቹ የኮንሰርቫቲቭ ምኩራቦች ሴቶችም ይቆጠራሉ። ወላጁ የሞተበት ሰው ለ11 ወር ያህል በየዕለቱ ካዲሽ የሚባለውን ጸሎት ይላል፤ አሥር ሰው ካልሞላ ግን ማለት አይችልም። ዘጠኝ ሊቃውንት ቢሰበሰቡ አሥረኛ ሆኖ የሚያሟላቸው ፊደል በወጉ ያልቆጠረ ጎረቤት ሊሆን ይችላል። አባላቸው በሳሳ በትናንሽ ከተሞች ማለዳ የሚደወል ስልክ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፦ «ዘጠኝ ነን፣ ድረስልን!»

ሐዘኑም ቢሆን በዚሁ አቆጣጠር ሥር ነው። ከቀብር በኋላ ሰባት ቀን ዝቅ ባለ መቀመጫ ላይ ይቀመጣሉ፤ ጎረቤት ምግብ ይዞ ይመጣል፣ ጸሎቱም ለቀስተኛው ቤት ድረስ ይሄዳል። እስከዚህ ድረስ ለእኛ አገር ሰው የሚገርም ነገር የለውም። ሰባቱ ቀን ሳያልቅ ፋሲካ ወይም የዳስ በዓል ከገባ ግን ለቅሶው ይቋረጣል፤ ለቀስተኛው የተቀመጠው ጥቂት ሰዓት ብቻ ቢሆን እንኳ የቀረው ይሰረዝና ወደ በዓሉ ይነሣል። በበዓሉ መካከል የቀበረም ሰባቱን ቀን የሚጀምረው በዓሉ ሲያልፍ ነው። አንጀት የሌለው ሕግ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ቀመር ውስጥ ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ የሕዝቡ ደስታ ሐዘንተኛውን ደጅ ላይ ትቶት አይሄድም፣ እጁን ይዞ ያስገባዋል።

በዓላቱ በእኩል አልተከፋፈሉም። ቲሽሪ የሚባለው አንድ ወር ግማሹን ጓዝ ተሸክሟል፦ አዲስ ዓመት ከነቀንደ መለከቱ፣ በአሥረኛው ቀን የ25 ሰዓት ያህል ጾም የሚጾምበት የስርየት ቀን፣ በ15ኛው የዳስ በዓል። በእኛ 2019 ዓ.ም. አዲስ ዓመታቸው የሚገባው መስከረም 1 ማታ ነው፤ የአደይ አበባው ቀን አመሻሽ ላይ እነርሱ 5787ን ይቀበላሉ፣ እሱም ሁለት አዳር ያለው ዓመት ነው። የዳስ በዓል የመጀመሪያ ቀን ደግሞ ከደመራ ዕለት ጋር ይገጥማል። እኛ ዝናቡ ወጣ ብለን ችቦ ስናበራ እነርሱ በበዓሉ ማብቂያ ዝናብ እንዲገባ ይጸልያሉ። ዳሱ በግቢ ወይም በሰገነት ላይ ይሠራል፤ ጣሪያው ቅጠልና ቅርንጫፍ ነው፣ ከዋክብት በቀዳዳው ቢታዩ ይመረጣል። ሰባት ቀን እዚያ ይበላል። ኦሪት በዚህ በዓል ደስ ይበላቸው ብላ የምትጠራቸውን ስትዘረዝር ከልጅና ከአገልጋይ ጋር መጻተኛን፣ ወላጅ አልባንና መበለትን ትጨምራለች፤ ስለዚህ ዳስ ሠርቶ እንግዳ አለመጥራት ነውር ነው።

ከዚያ ሲምሐት ቶራ፣ የኦሪት ደስታ፣ ይመጣል። የዓመቱ የኦሪት ንባብ በሙሴ ሞት ያልቅና እዚያው፣ በዚያው ጉባኤ ሌላ ጥቅል ተከፍቶ ከፍጥረት ይጀመራል። ጥቅሎቹ ሁሉ ከመንበራቸው ወጥተው ሰባት ጊዜ በጭፈራ ይዞራሉ። ከባዱን ብራና ያቀፈው ሰው ሲደክመው ለሚቀጥለው ያሻግራል፤ ሲቀባበሉ ግን ዓይናቸው እጃቸው ላይ ነው፣ ጥቅል መሬት ቢወድቅ ያዩት ሰዎች መጾም በብዙ ቦታ ልማድ ነውና። ልጆቹ ከረሜላ ይታደላሉ፣ በተዘረጋ የጸሎት ሻሽ ሥር በጅምላ ቆመው ይባረካሉ። በማግስቱ የወንበር ማንሣቱ ሥራ እንደ ሁልጊዜው ለጥቂት ሰዎች ይቀራል።

ይህን ሁሉ ሳወራ ምኩራቡ ዓመቱን ሙሉ ሙሉ ነው እንዳይባልብኝ። በአሜሪካ በስርየት ቀን መቀመጫ የሚጠፋበት አዳራሽ ኦሪት በሲና የተሰጠችበት መታሰቢያ በሆነው በሻቩዖት ላይ ባዶውን ሊያድር ይችላል። ብዙ ምኩራቦች በአባላት ዓመታዊ ክፍያ የሚተዳደሩ መሆናቸውም አቅም የሌለውን ሰው ያሸማቅቃል። ሃኑካ በበኩሉ በሕጉ ትንሽ በዓል ሆኖ ሳለ የጎረቤቱ የገና መብራት አግዝፎታል።

የኢትዮጵያ ቤተ እስራኤል ለብዙ ዘመን ሃኑካን አያውቁም ነበር። ታልሙድም አልደረሳቸውም። ሰንበትን፣ ጨረቃንና ጾምን በግዕዝ ኦሪት ይዘው ኖረዋል፤ በሌላው የአይሁድ ዓለም ያልነበረውን ስግድ የሚባለውን በዓልም ጠብቀዋል። ከስርየት ቀን ጀምሮ ሲቆጠር 50ኛው ቀን፣ ሔሽቫን በሚባለው ወር 29 ላይ ይውላል። በጎንደር አካባቢ ሕዝቡ እየጾመ ከቄሶቹ ጋር ተራራ ይወጣ፣ ኦሪት ይነበብ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ለመመለስ ይጸለይ ነበር፤ ከቀትር በኋላም ወርዶ ይበላ፣ ይዘፍን ነበር። በ1984 እና በ1991 እ.ኤ.አ. በተካሄዱት ታላላቅ ዘመቻዎች ብዙው ሕዝብ እስራኤል ሲገባ የናፈቋት ከተማ ዓይናቸው ሥር ሆነች፤ መውጣቱ ግን አልቀረም። በ2008 እ.ኤ.አ. የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት ስግድን የመንግሥት በዓል አድርጎ በሕግ አጸደቀው። ዛሬ አሮጌዋ ከተማ ከፊት ለፊት በምትታይበት በአርሞን ሃናጺቭ መናፈሻ ቄሶቹ በጥላቸው ሥር ሆነው ጸሎቱን ይመራሉ፤ ወጣቱ ዘግየት ብሎ ይደርሳል፤ ከየከተማው የመጣ ዘመድ «አንቺ እኮ ነሽ!» እየተባባለ ይሳሳማል። በ2019 ዓ.ም. ስግድ ጥቅምት 30፣ ሰኞ ይውላል።