ኮምፒውተርዎ የትኛው አፕዴት ያስፈልገዋል?

ሐሙሲት፣ ወረታ ወይም ደብረ ታቦር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰው ኮምፒውተሩን በስልኩ ዳታ ኢንተርኔት ላይ ሲያገናኝ «አፕዴት ያድርጉ» የሚል መልእክት ይደራረብበታል። ሁሉንም ቢያወርድ ፓኬጁ ያልቃል፤ ሁሉንም ቢዘጋ ደግሞ ኮምፒውተሩ ለጥቃት ይጋለጣል። ስለዚህ የግድ የሚጫነውን፣ ሲያስፈልግ ብቻ የሚጫነውንና ጨርሶ መጥፋት ያለበትን መለየት ይገባል።

የግድ የሚጫኑት

የዊንዶውስ የደህንነት አፕዴትና የብራውዘር አፕዴት አይታለፉም። ብራውዘር በየቀኑ ከማናውቃቸው ድረ ገጾች ጋር የሚያገናኘን ፕሮግራም ስለሆነ አጥቂዎች ቀድመው ቀዳዳ የሚፈልጉት እሱ ላይ ነው። ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ውስጥ ስለ ብራውዘሩ ሥሪት የሚገልጸውን ገጽ ሲከፍቱ አዲስ አፕዴት መኖሩን ራሱ ይፈትሻል። ዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ክሮም 109ኛው ሥሪት ነው። እንዲህ ባለ አሮጌ ኮምፒውተር ደብዳቤ መጻፍ ይቻላል፤ የባንክ ሒሳብና ኢሜይል መክፈት ግን አይመከርም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል።

ፕሮግራም ሲጠይቅ ብቻ የሚጫኑት

አንዳንድ ፕሮግራሞች ብቻቸውን አይሠሩም፤ ጃቫን፣ ዶት ኔትን ወይም ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስን የመሰለ ደጋፊ ሶፍትዌር ይፈልጋሉ። ጃቫን የሚጠቀም ፕሮግራም ከሌለዎት ያጥፉት፤ ካለዎት ግን አፕዴቱን አያሳልፉ። የዶት ኔት ፍሬምወርክ አፕዴት ከዊንዶውስ አፕዴት ጋር ስለሚመጣ ለብቻው መፈለግ አያስፈልግም።

የተጫኑ ፕሮግራሞችን ዝርዝር ሲከፍቱ ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ 2008፣ 2010፣ 2013 እየተባለ ተደርድሮ ያገኙ ይሆናል። አዲሱ አሮጌውን አይተካም፤ እያንዳንዱን የሚፈልግ ፕሮግራም ሊኖር ስለሚችል አያጥፏቸው። አንድ ፕሮግራም «ኤምኤስቪሲፒ140 የሚባል ፋይል የለም» ብሎ አልከፈት ካለ ቁጥሩን ይመልከቱ። 100 የ2010ን፣ 120 የ2013ን፣ 140 ደግሞ የ2015ንና ከዚያ ወዲህ ያለውን ያመለክታል። የጎደለውን ፋይል ብቻ ነጥሎ ከሚሰጥ ድረ ገጽ አይውሰዱ፤ ሙሉውን ጥቅል ከማይክሮሶፍት ያውርዱ።

መጥፋት ያለባቸው

ቀድሞ ብራውዘር ቪዲዮና ጨዋታ ለማሳየት ፕለግ ኢን የሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም ያስፈልገው ነበር። ዛሬ ቪዲዮን በራሱ ያጫውታል። ከፕለግ ኢኖቹ ሾክዌቭ በ2019፣ ፍላሽ ፕሌየር በ2020 መጨረሻ፣ ሲልቨርላይት በ2021 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) አብቅተዋል። ኮምፒውተርዎ ላይ ካሉ አፕዴት አይፈልጉላቸው፤ ያጥፏቸው።

ይህ ምክር የዲስክ ቦታ ለመቆጠብ ብቻ አይደለም። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ባወጣው ጥናት፣ ከ2016 ጀምሮ በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የመንግሥት ተቃዋሚዎች ላይ የተፈጸመ ስለላ አጋልጧል። ከዒላማዎቹ አንዱ በወቅቱ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ዳይሬክተር የነበሩት ጃዋር መሐመድ ናቸው። በኢሜይል የመጣላቸውን ሊንክ ሲከፍቱ ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕሌየርን አፕዴት እንዲያደርጉ የሚጠይቅ ገጽ ይመጣል። «አፕዴቱ» ግን ሳይበርቢት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ የሠራውን የስለላ ሶፍትዌር የያዘ ነበር። ያኔ ፍላሽ ገና አገልግሎት ላይ ስለነበር ሐሰተኛውን መለየት ከባድ ነበር። ዛሬ ግን ፍላሽ ጫኑ የሚል ማንኛውም ገጽ እንደ ማጭበርበሪያ መታየት አለበት።

ለዳታ ቆጣቢው

ሁለት ሦስት ኮምፒውተር ላለው ቤት እያንዳንዱ ላይ ደጋግሞ ማውረድ ብክነት ነው። ያለ ኢንተርኔት የሚጫነውን ሙሉ ፋይል ከአምራቹ ድረ ገጽ አንድ ጊዜ አውርዶ፣ በፀረ ቫይረስ በተፈተሸ ፍላሽ ዲስክ ለሌሎቹ ማዳረስ ይቻላል።

አፕዴት ሲጠየቁ መጀመሪያ ጠያቂው ማን እንደሆነ ይመልከቱ። ዊንዶውስ ወይም ፕሮግራሙ ራሱ ከሆነ ይጫኑት። የጠየቀዎት ድረ ገጽ ወይም ኢሜይል ከሆነ ግን ምንም ሳይነኩ ይዝጉት፤ ትክክለኛው አፕዴት ከአምራቹ ዘንድ አይጠፋም።